የሰው ልክ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሴት ወገብ፣ ደረትና ዳሌ ስለካ ኖሬያለሁ፤ የአንዷን ልክ ለሌላዋ ነግሬ ግን አላውቅም። ሜትሩን አዙሬ ቁጥሩን በዓይኔ አነባለሁ፣ አፌን ዘግቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ እቆልፋለሁ። እህትማማቾች አብረው መጥተው «እሷ ስንት ሆነች?» ሲሉኝ፣ «ጨርቁ ይበቃታል» ነው መልሴ። ሰው በሜትር ፊት ምን ያህል እንደሚጨነቅ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ ዛሬ ሆዷን ወደ ውስጥ ሳትስብ የተለካችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ እሷም የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነበረች።

ዝምተኛ ነኝ እያልኩ አይደለም። ጨርቅም ወሬም ስቀድ ነው የምውለው፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። ቶሎም እናደዳለሁ። የሰው ልክ ላይ ሲሆን ግን ጠብ የምትል ቃል የለችም። ታዲያ የገዛ ልጄን ልክ ለአርባ ሺህ ሰው ያወጅኩት እኔው ነኝ።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። የትምህርት ቤታቸው የክርክር ቡድን ለፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያ ተናጋሪ ሆና ተመረጠች። ዝም ብላ አልተመረጠችም። ሁለት ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ በግድግዳ የሰማኋት እኔ ነኝ። ገበታ ላይ እንኳን «በመጀመሪያ ደረጃ» ሳትል ጨው አቀብዪኝ አትልም። ለፍጻሜው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ደብተሬ ላይ ከሦስት ወር በፊት በጻፍኩት ልክ ነበር የቆረጥኩት። ሦስት ወር ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ሰፊ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ቀሚሱን ሱቄ ውስጥ ስትሞክረው ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብጎትተው እምቢ አለ።

ታላቅ እህቴ ለሱቁ ስልኬ ላይ አንድ ገጽ ከፍታልኝ ነበር። ስልኩን በክር ሣጥኑ ላይ ደገፍ አድርጌ እጅጌ እንዴት እንደሚታደስ፣ ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈን አሳያለሁ። ሦስት ሺህ ሰው ይከተለኛል፤ ለልብስ ሰፊ ቀላል አይደለም። ዚፑ እምቢ ሲል የታየችኝ ልጄ አልነበረችም፤ ለተከታዮቼ የሚሆን ትምህርት ነው የታየኝ። ስልኩን ደግፌ መቅረጽ ጀመርኩ።

«ዚፕ እምቢ ሲላችሁ አትታገሉት» አልኩ፤ «መጀመሪያ ልክ እንደገና ይወሰዳል።» ሜትሩን አዞርኩባትና ሃያ ሁለት ዓመት አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ትምህርት ነው ብዬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ወገብ፣ ሰማንያ ስድስት።»

«እማ፣ አታንሺኝ» አለች ልጄ። ጀርባዋ ክፍት ነበር።

«ፊትሽ አይታይም፤ ዝም ብለሽ ቁሚ» አልኳት።

ፊቷ ታየ እንጂ። ከፊት ለፊቷ ያለው መስታወት ውስጥ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ በቀሚሱ እጅጌ ስትጠርገው ሁሉ ታየ። እኔ ግን ውስጥ የተውኩትን ትርፍ ጨርቅ ፈትቼ፣ እንደገና ሰፍቼ፣ ዚፑ ሽቅብ ሲወጣና እሷም ፈገግ ስትል አንድ ላይ አድርጌ ለጠፍኩት። መጨረሻው ያምር ነበር። «እናት እያለች ልጅ አይከፋትም» ብዬ ጻፍኩበት። ያንን ዓረፍተ ነገር ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ሁለት ቀን ገጼ ልብ በልብ ሆነ። እህቴም ወደደችው፣ ደንበኞቼም ወደዱት። በሦስተኛው ቀን አንዱ ሥራ ፈት መጨረሻውን ቆርጦ ጣለና ዘጠኝ ሰከንዷን ብቻ አስቀረ፤ የልጄን እንባና የእኔን ድምፅ። ድምፄን በሙዚቃ እየደጋገመ፣ ወገብ ሰማንያ ስድስት፣ ወገብ ሰማንያ ስድስት አሰኘው። ያ ነው አርባ ሺህ ሰው ያየው።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ስሜን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። ሰማንያ ስድስት ነኝ።»

የሒሳብ መምህራቸው ገጽ ሰማንያ ስድስትን ክፈቱ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አለችኝ። ምስኪኑ ሰውዬ ምን እንዳሳቃቸው ግራ ገብቶት ጀርባው ላይ ጠመኔ ነክቶት እንደሆነ ሲያራግፍ ነበር። እኔም ይህን ስትነግረኝ ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም።

«ይረሳል» አልኳት። «የሰው ወሬ ሦስት ቀን ነው። ደግሞ ሰማንያ ስድስት ምን ይወጣለታል? እኔ በአንቺ ዕድሜ...»

«እማ፣ ቁጥሩ አይደለም። አታንሺኝ ብዬሽ ነበር።»

«ልጄ አይደለሽም እንዴ? አንቺን ለማንሳት ደብዳቤ ልጻፍ?»

ቦርሳዋን አንስታ ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አሠልጣኛቸው መምህርት ደወለችልኝና ልጄ «በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተኩ» ብላ መልእክት እንደላከች ነገረችኝ። ፍጻሜው አሥር ቀን ቀርቶታል። መምህርቷ ደግ ሰው ናት፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቦታዋን እጠብቅላታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ አለች። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር በዘጠኝ ሰከንድ ሊቀርባት ነው። ደሜ ፈላ። የቆረጠውን ረገምኩ፣ የሳቁትን ልጆች ረገምኩ፣ እናቶቻቸውን ረገምኩ፣ ስልክ የሠራውን ሰው ሳይቀር ረገምኩ። ያልረገምኩት ራሴን ብቻ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባንክ ቤት የምትሠራ ደንበኛዬ መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሰፍቼላታለሁ፤ ስትመጣ ቁጭ ብላ ሳታወራ አትሄድም። ያን ቀን ጨርቅ አልያዘችም፣ አልተቀመጠችምም።

«የልክ ደብተርሽን አውጪልኝ» አለች።

«ምን ልትሰፊ ነው?»

«ምንም። የእኔን ገጽ ቅደጂና ስጪኝ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«እህቴ፣ ያንቺን ልክ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?» አልኳት።

«የልጅሽንም አትናገሪም ብዬ ነበር» አለች።

ሰው ሳይጮህ እንዲህ አድርጎ ልክ ልኬን ነግሮኝ አያውቅም። መሳቢያውን ከፍቼ ገጿን በመቀስ ቆረጥኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሰውነቷ እዚያ ላይ አለ፤ ከመውለዷ በፊት፣ ከወለደች በኋላ፣ ታማ የከሳችበት ዓመት፣ ተመልሳ የወፈረችበት። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አትቀየሚኝ» ብላ ወጣች።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ነው የገባኝ። ልጄ አልቅሳ ያልገባኝ ነገር ደንበኛ ስትሄድብኝ ገባኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እንዲያ ነው የሆነው። የባዕድን ገመና ቆልፌ የልጄን አደባባይ ላይ አሰጣሁት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ስቄ የማልፈው ተረት ነበር።

የለጠፍኩትን እዚያው ቆሜ አጠፋሁትና ግድግዳ የሚጋራኝ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጨዋ ልጅ ነው፤ እትዬ ይለኛል።

«እትዬ፣ ያጠፉት የራስዎን ብቻ ነው» አለኝ። «ቅጂው ሌላ ሰው እጅ ነው።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ በለኛ።»

«የተወሰነውን ግን ማውረድ ይቻላል፤ ቁጭ ይበሉ።»

የተፈታ ስልኩን ገፋ አድርጎ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከሰዓት ሙሉ ፈለግን። ዘጠኝ ሰከንዷን የለጠፉ አሥራ ዘጠኝ ገጾች አገኘን። የት ተጭኜ ሪፖርት እንደማደርግ አሳየኝ፤ ለእያንዳንዳቸውም በእጄ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ላይ «የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ነኝ፤ አልፈቀድኩም» ብዬ ነበር የጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ራሴን ታዘብኩት፤ መጀመሪያ የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ፣ እንዴት ነው ያልፈቀድኩት? አጠፋሁና «አልፈቀደችም» ብዬ አስተካከልኩት። አሥራ ዘጠኙም ላይ እንዲያ ብዬ ጻፍኩ። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱ ወረዱ። አንዱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሁለቱ ሰደቡኝ። የቀሩት ምንም አላሉም።

እዚህ ላይ ብቆም ደህና ነበር። አፌ ግን አርፎ አይተኛም። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሳይኖር ስልኩን ያው ሣጥን ላይ ደገፍኩና ተነፈስኩት። «እናንተ ልጄን በቁጥር የምትጠሩ ስሙኝ» ብዬ ጀመርኩ። በትምህርቷ ሁልጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት እንደምትወጣ፣ ፍጻሜ እንደደረሰች፣ በእነሱ ምክንያት ከቤት እንዳልወጣች፣ ምግብ እንደቀነሰች፣ ትራሷ በእንባ ርሶ እንዳገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ። የምስክር ወረቀቶቿንም አንድ በአንድ አሳየሁ። አራት ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ ልጄ ክርክርን ከማን እንደወረሰች ያን ቀን ነው የገባኝ። ጣቴ መልቀቂያው ላይ ደርሷል።

ግን ያ ከደብተሬ የተቆረጠው ገጽ ትዝ አለኝ መሰለኝ፣ ጣቴን አነሳሁት። ቤት ሄድኩና የልጄን በር አንኳኳሁ። አንኳኩቼ አላውቅም ነበር፤ እሷም ገርሟት «ማነው?» አለች፣ ከሁለታችን በቀር ሰው በሌለበት ቤት።

ስልኩን ሰጠኋት። አራቱንም ደቂቃ ሳታቋርጥ አየችው።

«ጥሩ ተናግረሻል» አለች።

«ልልቀቀው?»

«አይ።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

ተነስታ ተቀመጠች። «በመጀመሪያ ደረጃ» አለች፤ ከሳምንት በኋላ ይህን ቃል ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ። «በመጀመሪያ ደረጃ፣ እስካሁን ያላዩኝም አሁን ያዩኛል። ሁለተኛ፣ ያኛው የነገራቸው ወገቤን ብቻ ነው። ይኼኛው ትራሴን ይነግራቸዋል፣ ማልቀሴን፣ አለመብላቴን። እማ፣ ስለ እኔ ሳትነግሪያቸው ምን ሊቀር ነው?»

እዚያው ፊቷ አጠፋሁት። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ ለዚያ ለአራት ደቂቃ ንግግሬ ነው ያዘንኩት። ከዚያ በኋላ ጎኗ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እናቴ እኔን ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅምና እንዴት እንደሚጀመር አላወቅኩበትም። «አጠፋሁ» ብቻ አልኩ። እሷም «አዎ» አለች። አይዞሽ፣ ምንም አይደል እንድትለኝ ጠብቄ ነበር። አላለችኝም።

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ስለ ክርክሩ አንዲት ቃል ሳልናገር አለፍኩ። ሂጂ አላልኩም፣ ቅሪም አላልኩም። ማክሰኞ ለታ ከንፈሬን ነክሼ ሊደማ ምንም አልቀረው። ረቡዕ ጠዋት ቀሚሱን ከቁም ሣጥን አውጥታ ለብሳ መጣች፤ ዚፑን ራሷ ዘግታዋለች።

«መምህርቷን አነጋግሬያታለሁ፤ እገባለሁ» አለች። «አንቺም መምጣት ትችያለሽ። ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሆነሽ ነው። ስልክ አታወጪም፣ አትነሺም፣ ልጄ ናት አትዪም። ስንወጣም አላይሽም፤ ቤት እንገናኛለን።»

«ይህን ያህል አሳፈርኩሽ?»

«ድምፅሽ እኮ ነው፣ እማ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ድምፅሽን በቃሉ ይዞታል። አንዴ ከተናገርሽ ሁሉም ዞሮ አንቺን ነው የሚያየው። እኔን እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።»

ተስማማሁ።

አርብ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የአንዱ ተከራካሪ እናት ናት፤ ስልኳን ከወዲሁ ደግና ይዛለች። የክርክሩ ርዕስ ከተማው ባለው ባዶ ቦታ ላይ መናፈሻ ይሥራ ወይስ የመኪና ማቆሚያ የሚል ነው። ልጄ ለመናፈሻው ነች። ስሟ ተጠራና ወጣች፤ ሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ። ወረቀቷን አስተካከለች፣ አፏን ከፈተች።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ «ወገብ ሰማንያ ስድስት» አለ።

እኔን መሆኑ ነው። ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እስከ ፊት ረድፍ ደረሰ። መቀመጫዬ ከወንበሩ ተነስቷል፤ ለዚያ ልጅ፣ ለእናቱ፣ ለሰባት ትውልዱ የምለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ልጄ ወደ ልጁ አላየችም። ወደ እኔ አየች። ያቺን አስተያየት ማንም አያስተውላትም፣ ግን እኔ እናቷ ነኝ፤ ቁጭ በይ ነው ያለችኝ። ቁጭ አልኩ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

እሷ ወደ ሰዓት ተቆጣጣሪው ዞራ «ሳቁ እስኪያልቅ ሰዓቴ ይቁምልኝ» አለች። ሰዓቱ ቆመ። ቆማ ጠበቀች። ሳቅ ሲጠበቅ ይሰለቻል መሰለኝ፣ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። «አመሰግናለሁ፤ በመጀመሪያ ደረጃ» ብላ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ስትናገር ድምፏ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሰው መናፈሻውን ብቻ መስማት ጀመረ። ቡድናቸው ሁለተኛ ወጣ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ዳኞቹ አድልተዋል።

አጠገቤ ያለችው ሴት ስልኳን እያየች ፈገግ አለች። «ይህች ልጅ ጉድ ናት እኮ፤ ሰዓቴን አቁሙልኝ ያለችውን ቀድቼዋለሁ። ልልቀቀው ነው፤ ሰው ይውደድላት። የማን ልጅ ትሆን?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እሷን ጠይቂያት» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንድትለቂው ትፈልግ እንደሆነ።»

«ለልጅ? ደግሞ ለመልካም ነገር?»

«እሷን ጠይቂያት» አልኩ እንደገና፣ በሹክሹክታ።

«ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉንፋን ነው።»

ተጠራጥራ አየችኝና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በዚህ መሃል ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በመተላለፊያው መጣች። አንዷ ክንዷን ይዛታለች፣ አንዱ በስሟ እየጠራ አንድ ነገር ይነግራታል። ቀሚሷ ጉልበቴን ነክቶ አለፈ። እጄን ልዘረጋላት ቃጣኝ፤ አንዱን በአንዱ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እንደ ተስማማነው ሳታየኝ አለፈች። እንባዬ መጣ፣ መሐረብም አልያዝኩም።

«ምነው እህቴ?» አለችኝ ሴትየዋ። «ልጅቷን ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«በዓይን ብቻ» አልኳት።